የድሮ ጋዜጣ ቁራጮች በአንድ መፈለጊያ ስር፦ ስለ ዲጂታል ትራንስጀንደር አርካይቭ ያለኝ አስተያየት

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የተቃራኒ ፆታ ልብስ ለብሰው ስለኖሩ ሰዎች፣ ዛሬ ትራንስጀንደር (ሲወለዱ ከተመደበላቸው የተለየ ፆታ እንዳላቸው የሚያውቁ) ስለምንላቸው ሰዎች፣ ጋዜጦች በየዘመኑ ምን ብለው እንደጻፉ ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዲጂታል ትራንስጀንደር አርካይቭ የሚባለውን ድረ ገጽ ይክፈት። ነፃ ነው። ተመዝገቡ፣ የካርድ ቁጥር አስገቡ አይልም። የምትፈልጉትን ትጽፋላችሁ፣ ይመጣል፣ ታነባላችሁ። ግን ብቻውን አይበቃም። ለምን እንደማይበቃና በምን እንደሚሞላ አብሬ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድረ ገጹ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2016 ነው። ያኔ መቀመጫው ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለው የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ ነበር፤ በኋላ ወደ ቦስተን፣ ወደ ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። መሥራቹ ፕሮፌሰር ኬ.ጄ. ሮውሰን ናቸው። አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ፦ ወረቀቶቹ እዚያ አይደሉም። ወረቀቶቹ ያሉት በየዩኒቨርሲቲው፣ በየቤተ መጻሕፍቱና በየማኅበሩ መዝገብ ቤት ነው። ድረ ገጹ የሚሠራው እነሱ ስካን ያደረጉትን በአንድ መፈለጊያ ስር ማገናኘት ነው። ቀላል ሥራ ይመስላል፣ አይደለም። ከዚያ በፊት ስለ አንድ ሰው የተጻፈ ሦስት ቁራጭ ለማየት ሦስት ከተማ መሄድ፣ ወይም ለሦስት መዝገብ ቤት ደብዳቤ ጽፎ መልስ መጠበቅ ነበር፤ ያውም የትኛው ምን እንዳለው ሳይታወቅ። ትኩረቱ ከ2000 በፊት በተሠሩ ነገሮች ላይ ስለሆነ የዘንድሮ ዜና ፍለጋ እዚያ አትሂዱ።

አንድ ቁራጭ ስትከፍቱ ምስሉ ይመጣል። ከምስሉ ጋር ርዕሱ፣ አጭር መግለጫ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የነገሩ ዓይነት፣ ዋናውን ወረቀት የያዘው ተቋም ስምና የመብቱ ሁኔታ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ይህን ዝርዝር ዘላችሁ አትለፉ። የጋዜጣ ቁራጭ ትልቁ ችግር መቆረጡ ነው። መቀስ የያዘው ሰው የሚፈልገውን ዜና ብቻ ወስዶ የጋዜጣውን ስምና ቀን እላይ ጥሎት ይሄዳል። ያ ሰው ለራሱ ነው የቆረጠው፣ ቀኑን ያውቀዋል፣ አይፈረድበትም። ለእኔና ለእናንተ ግን ቀን የሌለው ቁራጭ ግማሽ ማስረጃ ነው። ያንን የጎደለውን ቀንና ቦታ አጣርቶ መጻፍ ማንም የማያመሰግንበት ሥራ ነው፤ እኔ ግን ለዚህ ብቻ እንኳ ባለሙያዎቹን ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

ሌላው የወደድኩት የርዕስ አመዳደቡ ነው። ሆሞሶረስ የሚባል በዚህ መስክ ላይ ለቤተ መጻሕፍት ሥራ የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር አለ፤ ድረ ገጹ የሚመድበው በእሱ ነው። ጥቅሙ ምንድነው? ጋዜጣው በ1920 የጻፈው አርዕስት ስድብ ሊሆን ይችላል። ስድቡ ከምስሉ ላይ አይፋቅም፣ መፋቅም የለበትም፣ ታሪክ ነው። ነገር ግን በዙሪያው ያለው መግለጫ ያንን ስድብ ደግሞ አይናገረውም። ፍለጋ ስታደርጉም ሰውን ለማግኘት ብላችሁ የተሰደበበትን ቃል ራሳችሁ ለመጻፍ አትገደዱም። ይህ ለተመራማሪ ምቾት ነው። ራሱ ትራንስጀንደር ለሆነ፣ የእሱን ዓይነት ሰዎች ታሪክ ለሚፈልግ ወጣት ግን ከምቾት ያለፈ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቁራጮቹ። እውነት ለመናገር ንባቡ ልብ ይሰብራል። ምክንያቱም ጋዜጠኛ እነዚህ ሰዎች ዘንድ የሚመጣው ሲታሰሩ፣ ሆስፒታል ሲገቡ ወይም ሲሞቱ ነው። በሰላም ሠርቶ፣ ኪራዩን ከፍሎ፣ ከጎረቤት ተግባብቶ ስለኖረ ሰው ዜና አይጻፍም።

ለምሳሌ የለንደኖቹን ኧርነስት ቦልተንንና ፍሬድሪክ ፓርክን እንይ። ጓደኞቻቸው ስቴላና ፋኒ ነበር የሚሏቸው። ኤፕሪል 28 ቀን 1870 ከስትራንድ ቲያትር ሲወጡ ተያዙ። በማግስቱ ጠዋት ቦው ስትሪት ፍርድ ቤት የቀረቡት ማታ በለበሱት ቀሚስ ነው። ጋዜጦቹ የጻፉትን ስታነቡ የክሱ ጉዳይ ወደ ኋላ ይቀርና ልብሱ ይተረካል፦ አንዷ ነጭ ዳንቴል የተደረገበት የቼሪ ቀለም ያለው የሐር የማታ ቀሚስ፣ ክንዷ ባዶ፣ በእጇ አምባር፤ ሌላዋ ጥቁር አረንጓዴ የሳቲን ቀሚስ፣ ትከሻዋ ላይ ጥቁር የዳንቴል ሻል። ዘጋቢው እያንዳንዱን ነገር ቆጥሮ ነው የጻፈው። ኢላስትሬትድ ፖሊስ ኒውስ የሚባለው ጋዜጣ ደግሞ በሥዕል አወጣው። ሕዝቡ በር ላይ ተጋፋ። በሜይ 1871 ዌስትሚንስተር አዳራሽ ውስጥ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ነፃ ናችሁ ብለው ለቀቋቸው። አንድ ቁራጭ ብቻ ያነበበ ሰው ግን የሚያውቀው መታሰራቸውን ነው፤ ነፃ መውጣታቸውን ለማወቅ የሚቀጥለውን ዓመት ጋዜጣ መክፈት አለበት። እዚህ ጋ ነው የቁራጭ ክምችት ብቻውን የማይበቃው።

ዶክተር ጄምስ ባሪም እንደዚያው ናቸው። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ አሥርት ዓመታት ያገለገሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። በ1826 ኬፕታውን ላይ በቀዶ ሕክምና አዋልደው እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጁላይ 25 ቀን 1865 ለንደን ውስጥ ሞቱ። አስከሬናቸውን ያጠበችው ሴት ሰውነታቸው የሴት መሆኑን ተናገረች፤ ወሬው በኦገስት በደብሊን ጋዜጣ ወጣ፣ ከዚያ ማንቸስተር ጋርዲያን ተቀበለው፣ ከዚያ ዓለም ሁሉ። ያን ያህል ዘመን ያከሙት ሕመምተኛ፣ ያስተካከሉት የሆስፒታልና የእስር ቤት ንጽሕና፣ ሁሉም ተረሳና ሰውነታቸው ብቻ ወሬ ሆነ። በጣም ያናድዳል። ቢሆንም ቁራጩ ይነበብ። ማን መቼ ምን እንዳለ ካላወቅን ዛሬም ያንኑ ወሬ እንደ እውነት እየደገምን እንኖራለን።

እስቲ አንጀቴን የበላውን ልጨምር። አልበርት ካሺር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ95ኛው የኢሊኖይ እግረኛ ጦር ውስጥ ተዋግተዋል። ከጦርነቱ በኋላም እድሜ ልካቸውን በወንድነት ኖሩ። በ1911 መኪና እግራቸውን ሰበረው፣ ሐኪም ሰውነታቸው የሴት መሆኑን አወቀ፣ ግን ምስጢር ጠበቀ። ኋላ ኩዊንሲ ከሚገኘው የወታደሮች መኖሪያ ወደ አእምሮ ሆስፒታል ሲወሰዱ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በሆስፒታሉም ቀሚስ እንዲለብሱ ተገደዱ። እስካሁን ያለው እንደሌሎቹ ነው። ልዩ የሚያደርገው የጦር ጓደኞቻቸው ነገር ነው። አብረዋቸው የተዋጉት ሽማግሌዎች ይህ የእኛው ካሺር ነው ብለው መሰከሩላቸው፣ ጡረታቸውም አልተነካም። በ1915 ሲሞቱ የተቀበሩት በወታደር ልብሳቸው ነው። ስለ አንድ ሰው የተጻፉ ቁራጮች በርከት ብለው አንድ ላይ ሲቀመጡ ነው እንዲህ ዓይነቱ ነገር የሚወጣው። አርዕስቱ ሌላ ያወራል፣ ውስጥ ገብታችሁ የጓደኞቹን ቃል ስታነቡ ደግሞ ሌላ።

ልጠንቀቅበት የምፈልገው ነገርም አለ። ለሁሉም የዛሬን ስም መለጠፍ አይገባም። አንዱ ለሥራ ሲል ነው የወንድ ልብስ የለበሰው፣ ሌላው ለመድረክ፣ ሌላው ወደ ጦርነት ለመሄድ፣ ሌላው ደግሞ ራሱን በዚያ መልክ ስለሚያውቅ። በ1770ዎቹ ለንደን ውስጥ ሰዎች በፈረንሳዊው ዲፕሎማት በሻቫሊዬ ዴዮን ፆታ ላይ ገንዘብ ይወራረዱ ነበር፤ ነገሩ በ1777 ፍርድ ቤት ሁሉ ደርሷል። ዴዮን ከዚያ በኋላ በ1810 እስኪሞቱ የኖሩት በሴትነት ነው። ተወራራጆቹ እሳቸው ስለራሳቸው ምን እንደሚሉ ግድ አልነበራቸውም። ድረ ገጹ በዚህ ረገድ ሰፊ በር ከፍቷል፦ በየዘመኑ ከተመደበለት ፆታ መስመር ያለፈውን ሁሉ ያስገባል፣ ማን ምን ነበር የሚለውን ግን ለአንባቢው ይተዋል። ትክክለኛ አሠራር ነው እላለሁ።

ወደ ጉድለቱ ስመለስ፣ ዋናው ያው ቁራጩ ከገጹ መለየቱ ነው። ዜናው ፊት ገጽ ላይ ነበር ወይስ ገጽ 7 ላይ ከማስታወቂያ በታች? ጎኑ ምን ነበር? በማግስቱስ ምን ተጻፈ? ለዚህ ሙሉ ጋዜጣ የሚያሳይ አገልግሎት ያስፈልጋል፣ ከነዚያ ሁሉ የምወደው ደግሞ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀው ትሮቭ ነው። እሱም ነፃ ነው። የገጹ ምስልና በኮምፒውተር የተነበበው ጽሑፍ ጎን ለጎን ይቀርባል። ኮምፒውተሩ የድሮ ፊደል ሲያነብ ይሳሳታል፣ በተለይ ቀለሙ የደበዘዘበት ቦታ ላይ ቃሉ ትርጉም የሌለው ይሆናል። ትሮቭ ላይ አንባቢው ራሱ መስመር በመስመር ማረም ይችላል። ያረማችሁት ለሚቀጥለው ፈላጊ ይቀመጣል። አንድ ስም ካስተካከላችሁ ያንን ስም ብሎ የሚፈልግ ሰው ከዚያ በኋላ ያገኘዋል። እኔ ከዚህ የተሻለ ለታሪክ የሚደረግ ትንሽ ውለታ አላውቅም።

ትሮቭ ላይ ኤድዋርድ ዴ ሌሲ ኤቫንስን ፈልጉ። በ1856 ከአየርላንድ ወደ ቪክቶሪያ የመጡ፣ ቤንዲጎ አካባቢ በወንድነት በማዕድን ሥራ የኖሩ፣ ሦስት ጊዜ ያገቡ ሰው ናቸው። በ1879 አእምሯቸው ታውኮ ወደ ኪው ሆስፒታል ሲወሰዱ ገላ ሊታጠቡ ሲሉ ሰውነታቸው የሴት መሆኑ ታወቀ። ሴፕቴምበር ላይ ወሬው ከቤንዲጎ ጋዜጣ ተነሥቶ አገር ምድሩን አዳረሰ። አንድ ፎቶ አንሺ በወንድ ልብስና በሴት ልብስ ጎን ለጎን አድርጎ የእሳቸውን ፎቶ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ለሕዝብ ትርኢትም ቀርበዋል። ቁራጩ ብቻ ቢሆን አንድ ጉደኛ ዜና ነበር። ሙሉውን ጋዜጣ በተከታታይ ቀን ስታገላብጡት ግን ሰው እንዴት ወደ ሸቀጥ እንደሚለወጥ ዓይናችሁ እያየ ነው፤ መጀመሪያ ዜና፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ትኬት።

ሌላው በሲድኒ በወንድነት የኖሩት ሃሪ ክሮፎርድ ናቸው። ጁላይ 1920 ላይ በሚስታቸው በአኒ ቢርኬት ግድያ ተከሰው ተያዙ። ጋዜጦቹ ወዲያው ወንድ-ሴት የሚል ቅጽል አወጡላቸው፣ የችሎቱንም ወሬ በዚያ ስም ሞሉት። የሞት ፍርድ ተፈርዶ ወደ እስራት ተለወጠ፣ በ1931 ተፈቱ፣ በ1938 ፓዲንግተን ውስጥ መኪና ገጭቷቸው ሞቱ። ለምን ይህን አነሣሁ? የፍለጋ ዘዴ ለማሳየት። ሃሪ ክሮፎርድ ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ አንዱን ክፍል ታገኛላችሁ። በችሎቱ የተጠሩበትን ስም፣ ዩጂን ወይም ዩጂንያ ፋሌኒ ስትሉ የችሎቱ ዘገባ ይጎርፋል። የ1938ቱን የመኪና አደጋ ለማግኘት ግን ከእስር በኋላ የተጠቀሙበትን ጂን ፎርድ የሚለውን ስም ማወቅ ግድ ነው። በዚህ መስክ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ስም ይኖረዋል፣ ሁሉንም መሞከር አለባችሁ። በስም ካልተሳካ ደግሞ ጋዜጦቹ ራሳቸው የሚወዷቸውን ሐረጎች ሞክሩ፦ ፊሜል ኸዝባንድ (ሴት ባል)፣ ኢን ሜል አታየር (በወንድ ልብስ)፣ ማስከሬዲንግ (ሌላ መስሎ መታየት)። ካልሆነም ሕጉን ተከተሉ። ኮሎምበስ ኦሃዮ በ1848፣ ሳን ፍራንሲስኮ በ1863 የራስ ፆታ ያልሆነን ልብስ ለብሶ አደባባይ መውጣትን የሚከለክል ደንብ አውጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት የሁለቱ ከተሞች ጋዜጦች የፖሊስ ዓምድ ላይ ስትፈልጉ ስም ታገኛላችሁ። እነዚያ ደንቦች እስከ 1970ዎቹ ቆይተዋል።

ከሁሉም ቁራጭ የሚበዛው ግን የክሪስቲን ጆርገንሰን ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 1952 ኒው ዮርክ ዴይሊ ኒውስ የብሮንክስ ልጅ የነበረው የቀድሞ ወታደር ዴንማርክ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ባለ ወርቃማ ፀጉር ቆንጆ ሆነ ብሎ ፊት ገጽ ላይ አወጣው። ከዚያ የቆመ ነገር የለም። በፌብሩዋሪ 1953 ኒው ዮርክ ስትመለስ አውሮፕላን ማረፊያው በጋዜጠኛ ተሞላ። አሜሪካን ዊክሊ ታሪኳን በራሷ አንደበት ለማተም 20,000 ዶላር ከፈላት። ምክሬ፣ የእሷን ቁራጮች በቀን ቅደም ተከተል ደርድራችሁ አንብቡ። መጀመሪያ አድናቆት ነው። ስለ ልብሷ፣ ስለ ፀጉሯ፣ ስለ ጫማዋ። ወራት ሳይቆይ፣ በኤፕሪል 1953 ኒው ዮርክ ፖስት እውነተኛ ሴት አይደለችም የሚል ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ፣ ሌሎቹም ድምፃቸውን ለወጡ። በ1959 ለማግባት ስትጠይቅ የልደት ወረቀቷ ወንድ ስለሚል ፈቃድ ተከለከለች፣ ያም ዜና ሆነ። እሷ ግን ሁሌም ፊቷን ቀና አድርጋ፣ ተዘጋጅታ፣ በጨዋነት መልስ ትሰጥ ነበር። ያንን ሁሉ ጥያቄ በዚያ ትዕግሥት መመለስ! ለእሷ ያለኝ አክብሮት የጨመረው ቁራጮቹን ካነበብኩ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ለየት ያለ ሰው ልጥቀስ። ጃክ ጋርላንድ። በ1897 ካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን ከተማ ውስጥ በወንድ ልብስ ሲሄዱ ፖሊስ ያዛቸው፤ መናገር የማልችል ነኝ ብለው በወረቀት እየጻፉ ነበር መልስ የሚሰጡት። ጋዜጦቹ ቤብ ቢን በሚለው ስም አጥለቀለቁት። ከዚያ ምን ሆነ? የስቶክተን ጋዜጣ ዘጋቢ አድርጎ ቀጠራቸው። ሲጻፍባቸው የነበሩት ሰው ጸሐፊ ሆኑ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ1936 እስኪሞቱ በወንድነት ኖሩ። እነዚህን ቁራጮች ከየቦታው ለቅሞ ወደ ሕይወት ታሪክ የለወጣቸው ሉ ሰሊቫን ነው፤ ራሱ ትራንስ ወንድ (ሴት ተብሎ ተወልዶ በወንድነት የኖረ) ነበር፣ መጽሐፉን በ1990 አወጣ፣ በ1991 በኤድስ ሞተ። ወረቀቶቹ ዛሬ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የጂኤልቢቲ (የጌይ፣ ሌዝቢያን፣ ባይሴክሹዋልና ትራንስጀንደር ሰዎች) ታሪክ ማኅበር ውስጥ አሉ፤ እሱ ራሱ ያንን ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ነበር።

ስለ ቆራጮቹ እንግዲህ ብዙ ሰው አያስብም። እኔ ግን አስባለሁ። ሉዊዝ ሎረንስ የምትባል የሳን ፍራንሲስኮ ትራንስ ሴት ከጋዜጣ የቆረጠችውን በደብተር ላይ እየለጠፈች ታስቀምጥ ነበር፤ ስብስቧ ዛሬ ኪንዚ ኢንስቲትዩት በሚባለው የአሜሪካ የፆታ ጥናት ተቋም ውስጥ ነው። ያን ጊዜ እንደሷ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚገናኙበት መንገድ አልነበረም። ጋዜጣ ላይ ስም ሲወጣ ለሌላው አሳፋሪ ወሬ ነው፣ ለእሷ ግን ሌላም ሰው አለ ማለት ነው። ቆረጠች፣ ጻፈችላቸው፣ አገናኘቻቸው። ለንደን ውስጥ ደግሞ ቢሾፕስጌት ኢንስቲትዩት ላግና የሚባል፣ ስለ ሌዝቢያንና ጌይ ሰዎች የወጡ ዜናዎች ስብስብ ይዟል፤ ከመደበኛው ጋዜጣ የተቆረጠ ከ200,000 በላይ ቁራጭ አለው። አብዛኛው ግን በአካል ሄዶ የሚታይ ነው። ካናዳ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲም ትልቅ የትራንስጀንደር አርካይቭ አለው፣ ለማንም ሰው ክፍት ነው። ዕድሉ ያላችሁ ሂዱ። ወረቀቱን በእጅ ይዞ ማየት የሚሰጠውን ስካን አይሰጥም፦ የሙጫው ቡኒ ምልክት፣ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈች ማስታወሻ፣ ጀርባው ላይ ያለ የጫማ ማስታወቂያ።

ጋዜጣ ያልጻፈውንም አትርሱ። በኦገስት 1966 ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቴንደርሎይን ሰፈር፣ ኮምፕተን ካፌቴሪያ ውስጥ ትራንስ ሴቶች የፖሊስን እንግልት አንቀበልም ብለው ተነሡ። ሳህን ተወረወረ፣ መስታወት ተሰበረ። ጋዜጦቹ ዝም አሉ። ታሪክ ጸሐፊዋ ሱዛን ስትራይከር ነገሩን ያገኘችው ከዜና አይደለም፣ በ1972 ለነበረ ሰልፍ ከታተመ ፕሮግራም ውስጥ ካለ አጭር ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ በሕይወት ያሉትን ፈልጋ አነጋገረች። ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ ፍለጋችሁን በጋዜጣ ቁራጭ ብቻ አትገድቡ። በማኅበረሰቡ የታተሙትን ትንንሽ መጽሔቶች፣ በራሪ ወረቀቶች፣ ደብዳቤዎች ክፈቱ። ጋዜጣው ሰውየውን ሲታሰር ያሳያችኋል፤ መጽሔቱ ስለ ሕይወቱ በራሱ ቃል ያወራችኋል።

ስለ ክፍያ አገልግሎቶች ትንሽ። የአሜሪካና የእንግሊዝ የድሮ ጋዜጦችን በወር ክፍያ የሚያሳዩ ድረ ገጾች አሉ። አንዱን ሞክሬ ነበር፣ ስሙ ይቅር። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ሳይጠይቀኝ ገንዘብ ቆረጠ፣ ማቋረጫው የት እንዳለ ለማግኘት መከራዬን አየሁ፣ የአሜሪካውን ጋዜጣ ደግሞ ኋላ ላይ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነፃ በሆነው ክሮኒክሊንግ አሜሪካ ላይ አገኘሁት። ምክሬ፣ መጀመሪያ ነፃዎቹን ጨርሱ። ክሮኒክሊንግ አሜሪካን ለአሜሪካ፣ ትሮቭን ለአውስትራሊያ፣ ፔፐርስ ፓስትን ለኒው ዚላንድ። አስገራሚው ነገር የለንደንና የኒው ዮርክ ዜና በእነዚያ ሩቅ አገሮች ጋዜጣ ላይም በድጋሚ ይታተም ስለነበር የቦልተንና ፓርክን ችሎት ምንም ሳትከፍሉ ከሲድኒ ወይም ከዌሊንግተን ጋዜጣ ልታነቡት ትችላላችሁ።

የዲጂታል ትራንስጀንደር አርካይቭ ሌላው ውስንነት ቋንቋና ቦታ ነው። የሚበዛው እንግሊዝኛ ነው፣ የሚበዛውም ከሰሜን አሜሪካ ነው። ካርታው ላይ ስታዩት ወዲያው ይገባችኋል። ከሌሎች አገሮች የመጡ ነገሮች አሉ፣ በዓለም ላይ ያሉ የተለያዩ ስያሜዎችን የሚያስረዳ ገጽም አዘጋጅተዋል፣ ጥሩ ነው። ግን የበርሊኑን የማግነስ ሂርሽፌልድ የፆታ ጥናት ተቋም ለምሳሌ ብትወስዱ በ1919 ተከፍቶ በሜይ 1933 ናዚዎች ዘርፈው መጻሕፍቱን አደባባይ ላይ አቃጥለዋል። የተቃጠለ ወረቀት ስካን አይደረግም። የጎደለው ሁሉ የድረ ገጹ ጥፋት ስላልሆነ ነጥብ አልቀንስበትም፤ ቋንቋው ላይ ግን ገና ብዙ ሥራ ይቀራል።

ኮከብ ስጡ ከተባለ ከ5 ውስጥ 4 እሰጠዋለሁ። ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ተማሪ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለልብ ወለድ ጸሐፊ፣ ወይም እንዲሁ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ይሆናል። ብዙ ለማንበብ ባትፈልጉ እንኳ አንድ ሰው ምረጡና የእሱን ብቻ ተከተሉ፤ ሁሉንም በአንዴ ልያዝ ያለ ሰው ይሰለቸዋል። ምስሉን ሌላ ቦታ ማተም ካሰባችሁ ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው ድረ ገጹ ሳይሆን ወረቀቱን የያዘው ተቋም ነው፤ ስሙ ከምስሉ ጋር ተጽፏል፣ በቀጥታ ለእነሱ ጻፉ። ከቅርብ አሥርት ዓመታት የሆነና በሕይወት ሊኖር የሚችል ተራ ሰው ስም ያለበት ቁራጭ ካጋጠማችሁ አንብቡት እንጂ ስሙን እየለያችሁ አታሰራጩት።